ካፓሲተሮቹ መሐንዲስ ሲመርጡ

ትናንት የግዥ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ እስክሪብቶ እንደያዝኩ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ጠዋቱን ሙሉ ስጮህ ነበር። ለሬዲዮ ጣቢያችን ማጉያ የመጡት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ልክ ነው፣ ርካሽም ናቸው፤ በፈጣን ሞገድ ግን ይግላሉ፣ ይፈነዳሉ። ባለፈው ክረምት መሰሎቻቸው ፈንድተው ወንዝ ዳር ያለው ሕዝብ የጎርፉን ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ ቀረ። ያለ እኔ ፊርማ ዕቃው አይገባም። የጥራት ማረጋገጫው ፊቴ ተቀምጧል፤ አልፈርምም ብያለሁ።

በሕልሜ ጨረታውን ያወጡት ካፓሲተሮች ነበሩ። እኛ መሐንዲሶች በዋጋችን ተለይተን መሳቢያ ውስጥ ተኝተናል። ምስር የምታህል ካፓሲተር ጆሮዬን በመቆንጠጫ ይዛ አወጣችኝ።

«ምን ይላል?»

አንድ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ግንባሬን አነበበ። «‹መሐንዲስ› ይላል።»

«እሱንማ ሁሉም ይላል! ሲግል ምን ይሆናል?»

ደሜ ፈላ። «ሃያ ሁለት ዓመት ማሰራጫ የጠገንኩ ሰው ነኝ!»

«ቀስ በል ወንድሜ» አለ ጥቅሉ። «እኔም ሞገዱ ሲዘገይ ጥቅል ነኝ። ሲፈጥን ካፓሲተር መሆን ያምረኛል። መቼ እንደምለወጥ ግን ወረቀቴ ላይ ተጽፏል። ያንተ ወረቀት የታል?»

አልነበረኝም።

ወዲያው ማጉያው ውስጥ ተበይጄ ራሴን አገኘሁት። ስቱዲዮው ውስጥ ወንዙ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ፣ «ዓሦች ሆይ፣ ሰው ሞልቶ እየመጣ ነው፤ ወደ ከፍታ ሽሹ!» ይላል። ድምፁ በእኔ በኩል ማለፍ ነበረበት። ጋልኩ። ጫማዬ ጨሰ።

«ሊፈነዳ ነው!» አለች ካፓሲተሯ።

«አልፈነዳም!»

«እንግዲያው ሲግልብህ ሌላ ሰው እንደማትሆን ፈርም።»

«አምጪው!» አልኩና ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

«እግዜር ይስጥልን፣ ኢንጂነር ሲራክ!»

ነቃሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ትርንጎ ከእጄ ሥር ወረቀት እየሳበች ነበር። የጥራት ማረጋገጫው ነው። ስሜ ከነአያቴ አለበት።

«ኧረ እሳቸው ተኝተው ነው የፈረሙት» አለ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ።

«ፊርማው አልተኛም» አለችና ማኅተሙን መታችበት።