ፍሬን ላጣ የተተወች ዳገት

አዲስ አበቤ መንገድ ሲጠቁም ሰምታችሁ ከሆነ፣ የሚጠቁማችሁ ዛሬ በሌለ ነገር መሆኑን ሳታስተውሉ አትቀሩም። «ድሮ ትልቁ ዋርካ የነበረበት ስትደርስ ትታጠፍና፣ የፈረሰውን ወፍጮ ቤት በግራ ትተህ፣ ቀበሌው የነበረበትን አልፈህ...» ይላችኋል እጁን እያወናጨፈ። ዋርካው ተቆርጧል። ወፍጮ ቤቱ የለም። ቀበሌውም ስሙን ቀይሮ ሌላ ሕንፃ ገብቷል። የሚገርመው ግን ትደርሳላችሁ! በዚህ ልማዳችን ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ሳቁን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደተውኩት ላጫውታችሁ።

ሰፈሬ ጉለሌ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ፣ የጎጃም መንገድ የእንጦጦን ጎን ይዞ መውጣት ከሚጀምርበት ቦታ። መንገዱ መጀመሪያ የበቅሎና የአህያ ነበር። ቀጥሎ ጣሊያን ሠራው ይባላል፤ ድንጋዩን የፈለጠውና አፈሩን የተሸከመው ያገር ሰው እንደነበር ግን ብዙ አይወራም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ አንዳንድ እጅ አስፋልት እየደረበ «እኔ ሠራሁት» ብሏል። ማንም ይሥራው ማን፣ አካሄዱ ያው ነው፤ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዘ አናቱ ላይ እስካለው ኬላ ድረስ ይወጣል፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ጫንጮንና ፍቼን አልፎ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ደጀን ላይ ብቅ ይላል። ሲሄዱ ሁሉም ጀግና ነው። ጉዱ ያለው መልሱ ላይ ነው፤ ከኬላው እስከ ገበያው ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለቱ የሚያበቃውም ሕዝብ መካከል ነው።

የዚህን መንገድ ታሪክ የነገሩኝ ጎረቤቴ ጋሼ ወርቅነህ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጎጃም ጤፍ ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እንደሳቸው አባባል፣ ድሮ ፍሬን እምቢ ያለው ሾፌር ገበያው ሳይደርስ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ አንዲት አጭር ዳገት ነበረችው። መሪውን ወደ እሷ ይጠመዝዛል፣ መኪናው ዳገቱን ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይደክምና ይቆማል፣ ሾፌሩ ወርዶ ፊቱን ወደ እንጦጦ ማርያም አዙሮ መሬት ይስማል። ስለዚህ ሾፌሮቹ ዳገቷን «ማሪኝ» ብለው ጠሯት። ምልክት አልነበራትም፤ ሾፌር ለሾፌር በቃል ነው ያስተላለፋት። ጀማሪ ሾፌር ማሪኝን በእግሩ ሄዶ ሳያያት የጎጃም መስመር አይሰጠውም ነበር።

ታዲያ ማሪኝ ማለት ዛሬ እኛ ሰፈር ናት። ኮብልስቶን አንጥፈንባታል፣ ግራና ቀኝ ቤት ሠርተንባታል፣ ደጃችን ላይ መኪና አቁመንባታል። ከዚያ የስፖኪዮ ሌባ መጣ። የሦስት ሰው የመኪና መስተዋት ባንድ ሳምንት ሲነቀል ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ በዚህ ከተማ የተሰበሰበ ሰፈር ደግሞ የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በር። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ጋሼ ወርቅነህ ብድግ አሉና፣

«ስፖኪዮ አይሰረቅ፣ ደግ ነው። ግን ይቺ ዳገት ግቢያችሁ አይደለችም፤ የመንገዱ ናት። ፍሬን ያጣ ሰው ወዴት ይሂድ?» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። «ጋሼ፣ ያሁን መኪና እኮ እንደ ድሮው አይደለም» አልኳቸው፣ የራሴ መኪና ከሊቀመንበራችን ልጅ ዕድሜ እንደሚበልጥ እያወቅሁ። ተቀመጡ። ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር ቆመ፤ አስራት የሚባል ጎልማሳ ዘበኛ ተቀጠረ፤ መመሪያውንም እኔው በኮምፒውተር ጽፌ ሰጠሁት። የሰፈሩ ሰው ሁለት ጊዜ አጭር ክላክስ ያደርጋል፣ ይከፈትለታል። ከዚያ ውጭ ለሚጮህ ሁሉ አይከፈትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጋሼ ወርቅነህ የድሮ ባልደረባ ሱሉልታ ውስጥ አረፉ። ለቅሶ መድረስ ግድ ነው፣ እኔም በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ስንመለስ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ካፊያ እያካፋ፣ አስፋልቱ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ኬላውን እንዳለፍን እንደ ልማዴ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ መኪናዋን በቁልቁለቱ ለቀቅኋት። እናንተም እንደምታደርጉት አውቃለሁ፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ነው። መኪናዋ ትሄዳለች፣ እኔ ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ እለቃለሁ፣ እረግጣለሁ።

«ማርሽ አስገባ» አሉኝ ጋሼ ወርቅነህ።

«ግድ የለም ጋሼ።»

ትንሽ ቆዩና አፍንጫቸውን አነሡ። «ፍሬንህ እየሸተተ ነው። ማርሽ አስገባ ነው የምልህ።»

እልህ ያዘኝ። መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ! ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝ፣ ስለ መኪናዬ የሚነግረኝ አልፈልግም። ይህን እያሰብኩ አንዱን ኩርባ ዞርኩና ፍሬኑን ረገጥኩ፤ እግሬ ወለሉ ድረስ ገባ። አነሣሁና ደግሜ ረገጥኩ። ምንም የለም።

ፈራሁ። ከፊታችን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ተከታትለው ይወርዳሉ፣ ሸክሙ ወገባቸውን ስላጎበጠው ቀና ብለው አያዩም። ከእነሱ በታች ታክሲ መያዣው ነው፣ ከታክሲ መያዣው በታች ገበያው ነው፣ ገበያው ውስጥ ደግሞ በዚያ ሰዓት ባለቤቴ ሽንኩርት ትገዛለች። የመጨረሻዋን ነገር ያኔ ባላስታውሳት ደስ ባለኝ።

«ጋሼ፣ ፍሬን የለም!»

እሳቸው አልጮሁም። አንድ እጃቸውን ማርሹን በያዘው እጄ ላይ ጫኑ። «ፍሪሲዮን እርገጥ። ቤንዚን ስጥ። ሦስተኛ!» ማርሹ ተንጫረረና ገባ፤ መኪናዋ ጎትታ ያዘች፣ ግን አልበቃም። «አሁን ሁለተኛ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ፣ ቀስ! ባንዴ ከሳብከው ትገለብጠናለህ።» ሴቶቹ አጠገብ ስንደርስ ክላክሱን ይዤ አለቀቅሁም፤ አንዷ ከነሸክሟ ወደ ቦዩ ዘለለች፣ ከኋላ የተረፈው የእንጨቱ ጫፍ የመኪናዋን ጎን ፍቆ አለፈ። ሴትየዋ ስትሰድበኝ ሰማኋት፤ ስድቡ በሕይወት መኖሯን ስለነገረኝ ደስ አለኝ።

«ማሪኝ ናት» አሉ ጋሼ ወርቅነህ። «በቀኝ። ተዘጋጅ።»

በሩ እንደተዘጋ ከሩቅ አየሁት። አረንጓዴ ቀለሙ ገና አዲስ ነው። እጄ ክላክሱ ላይ ነው፣ ክላክሱ አንድ ረዥም ጩኸት ይጮሃል፤ በሩ ጀርባ ያለው አስራት ደግሞ ረዥም ክላክስ ሰምቶ እንዳይከፍት በጽሑፍ ታዟል። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በፍርግርጉ በኩል የአስራት ትከሻ ታየኝ፤ ሰውየው ግዴታውን አክባሪ ነው፣ በሩን ከውስጥ ተደግፎ ይዟል።

ያን ጊዜ ጋሼ ወርቅነህ ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አወጡና፣ በዚያ ዕድሜ ከየት እንዳመጡት በማላውቀው ድምፅ «አስራት! ሽሽ! ክፈትና ሽሽ!» ብለው ጮሁ።

አስራት ድምፁን አወቀው። መቀርቀሪያውን ሳበና ወደ ግንቡ ተለጠፈ። አንደኛው ክንፍ ተከፈተ፣ ሁለተኛው ሊከፈት ጊዜ አልነበረውም። መሪውን ጠመዘዝኩ። ያልተከፈተውን ክንፍ ከማጠፊያው ገንጥለን፣ የኔን የቀኝ ስፖኪዮ እዚያው አስቀርተን ገባን። ስፖኪዮ ለማስጠበቅ ያቆምነው በር መጀመሪያ የነቀለው የጸሐፊውን ሆነ። መኪናዋ ኮብልስቶኑን ስትወጣ ደከመች፣ ደከመች፣ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር አስራት ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገልን።

ማንም አልሞተም። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ። ጋሼ ወርቅነህ ግን ወርደው፣ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው፣ ቀስ ብለው ተንበርክከው ኮብልስቶኑን ሳሙ። ከዚያ ወደኔ መጡና «ነግሬሃለሁ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ውሃ ትጠጣለህ?» አሉኝ። «ነግሬሃለሁ» ብለውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያን ዕለት አለቀስኩ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰው ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ለኔም እልል ተባለልኝ። ከዚያ ወደ አጀንዳው ተገባ፤ የተገነጠለው ክንፍ በወፍራም ብረት እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ። ተነሥቼ ተቃወምኩ። ገና ሆዴ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ሳይቀር አውጥቼ ነገርኳቸው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ድሮዎቹ ሾፌሮች። በጥሞና ሰሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሩም «የጸሐፊያችን ስጋት ተገቢ ነው» ብለው፣ በሩ ተጠናክሮ እንዲሠራ፣ ፍሬን የሚያጣ ተሽከርካሪ ቢኖር ግን አስቀድሞ ለዘበኛው ስልክ ደውሎ እንዲያሳውቅ ውሳኔ አስተላለፉ። እጅ ወጣ። አለፈ። እኔም በአራት ነጥብ ዘግቼ ጻፍኩት።

በሩ በተተከለ ማግስት ከቀትር በኋላ፣ የጎጃም መኪኖች በሚገቡበት ሰዓት፣ በዚያ ሳልፍ ጋሼ ወርቅነህ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መቀርቀሪያው በእጃቸው ነው፣ ጆሯቸው ወደ ጎጃም መንገድ ቁልቁለት ነው።

«ምን ያደርጋሉ እዚህ፣ ጋሼ?»

«ስልክ የሌለው ቢመጣስ ብዬ ነው» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሌላ በርጩማ አመጣሁ። አሁን ተከፋፍለነዋል፤ ሐሙስና ዓርብ የእኔ ተራ ነው።