ሒሳብ ይማራል፤ ሙዚቃም

አስማማው፦ መሰንቆ ነው አልሁህ፤ መሰንቆ ነው!

ታዲዮስ፦ ቫዮሊን ነው፣ ጋሼ።

አስማማው፦ ክር አለው?

ታዲዮስ፦ አለው።

አስማማው፦ በቀስት ነው የሚመታው?

ታዲዮስ፦ በቀስት ነው።

አስማማው፦ በቃ! ክር ያለው፣ በቀስት የሚመታ፣ ሲመቱት የሚያለቃቅስ ነገር መሰንቆ ነው። ምን ቀረ?

ታዲዮስ፦ የመሰንቆ ክር አንድ ነው። የዚህ አራት ነው።

አስማማው፦ እንግዲያው አራት እጥፍ አዝማሪ ሆነህ መጣሃ!

[ጋሽ አስማማው በገዛ ቀልዳቸው ስቀው ዙሪያቸውን ቃኙ፤ የሚያጨበጭብ ግን አልነበረም። ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ በረንዳው ላይ ዱካ ስበው ጌሾ ይቀነጥሳሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ፤ ሲወጡ አለንጋውን አስረክበዋል፣ ድምፁን ግን ይዘውት መጥተዋል። ታዲዮስ የዱሮ ተማሪያቸው ነው። የደምበጫ ገበሬ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ቃል ከማውጣቱ በፊት ቆም ብሎ ስለሚያስብ ጋሽ አስማማው ያኔም "ይሄ ልጅ ትንሽ ይዘገያል" ይሉት ነበር። ዛሬ ጥቁር ሳጥኑን ታቅፎ ደጃቸው ደርሷል።]

አስማማው፦ አውርደው ከዚያ! አግዳሚው ላይ እኮ ሰው ነው የሚቀመጥበት።

ታዲዮስ፦ መሬቱ ዝናብ ነክቶታል ብዬ ነው። እርጥበት አይወድም።

አስማማው፦ ጭራሽ ጠባይም አለው! በል ተወው። ለመሆኑ የምትማረው ሒሳብ አልነበረም እንዴ?

ታዲዮስ፦ ሒሳብ ነው።

አስማማው፦ ጎሽ!

ታዲዮስ፦ ሙዚቃም።

አስማማው፦ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?

ታዲዮስ፦ ጠዋት ጠዋት ሒሳብ ክፍል እገባለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ክፍል።

አስማማው፦ ጠዋት ሰው፣ ከሰዓት አዝማሪ!

ታዲዮስ፦ ፈተናም አለው እኮ፣ ጋሼ።

አስማማው፦ የምን ፈተና? "ከሚከተሉት ውስጥ ሆድ የሚያባባውን መርጠህ አክብብ" ነው የሚሏችሁ?

ታዲዮስ፦ [አሰበ።] የጽሑፍም አለ፣ የመጫወትም አለ።

አስማማው፦ ተማሪ ተጫውቶ ፈተና ሲያልፍ ዛሬ ገና ሰማሁ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲጫወት የያዝሁትን ሳንበረክክ ነው የኖርሁት። አሁን ስማኝ። አንደኛ፣ ሙዚቃ የአዝማሪ ሥራ ነው። ሰው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ አንተን ሠርግ ቤት አቁመው ግንባርህ ላይ ብር ይለጥፉብሃል። ሁለተኛ፣ ሁለት ትምህርት ባንዴ ጀምሮ አንዱን እንኳ የጨረሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ሦስተኛ...

ታዲዮስ፦ ሦስተኛ?

አስማማው፦ ቆይ እንጂ፣ እየመጣች ነው! ሦስተኛ፣ ነገ ሚስት ላግባ ስትል "ልጁ ምን ይሠራል?" ተብሎ ይጠየቃል። ያኔ ሽማግሌው ምን ብሎ ይመልስ? "እንጨት በክር ይገዘግዛል" ይበል?

ታዲዮስ፦ እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነበር።

አስማማው፦ ለመገዝገዙ?

ታዲዮስ፦ ሽማግሌ ልልክ ነው።

[የጌሾው ቅጠል ጋሽ አስማማው እጅ ላይ ቀረ። ለሽምግልና ያልተጠሩበት ሳምንት ለእሳቸው የታመሙበት ሳምንት ማለት ነው፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ማንም ደጃቸውን አልረገጠም።]

አስማማው፦ አንተ! ይህን የመሰለ ጉዳይ ይዘህ ነው ስለ ክር የምታወራልኝ?

ታዲዮስ፦ ስለ ክር የጀመሩት እርስዎ ነዎት።

አስማማው፦ ነገር አታንዛዛ! ሽማግሌ ማን አለህ?

ታዲዮስ፦ ሁለቱን አባቴ ከደምበጫ ይዘው ይመጣሉ። ፊት የሚሄድ፣ አፍ ያለው ሰው ነው የጠፋው።

አስማማው፦ ጠፋ? እዚህ ቁጭ ብሎ ጌሾ ይቀነጥሳል እኮ! እኔ ሄጄ ያልተከፈተ በር በዚህ አገር የለም። አባቷ የየት ሰው ነው?

ታዲዮስ፦ ተወልደው ያደጉት ደብረ ኤልያስ ነው።

አስማማው፦ አለቀ! የአገሬ ልጅ! የደብረ ኤልያስን ሰው እኔ ከወለደችው እናቱ የበለጠ አውቀዋለሁ።

ታዲዮስ፦ ስማቸው...

አስማማው፦ ስም አትንገረኝ!

ታዲዮስ፦ ቢያውቁት ይሻላል፣ ጋሼ። ስማቸው...

አስማማው፦ አትንገረኝ አልሁ! ስሙን ከሰማሁ የእገሌ ወንድም ነው፣ የእገሌ አማች ነው ብዬ ይሉኝታ ይይዘኛል። አፌ ይታሰራል። እኔ የምጠይቀው ጠባዩን ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ታዲዮስ፦ ትንሽ ንግግር ያበዛሉ።

አስማማው፦ ጥሩ! ለፍላፊ አይቸግረኝም። ሌላስ?

ታዲዮስ፦ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ...

አስማማው፦ ያቋርጣል! አወቅሁት! እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደምጠላው! ሌላስ?

ታዲዮስ፦ የማያውቁት ነገር የለም።

አስማማው፦ የማያውቀው የለም ነው፣ ወይስ ለሱ እንዲያ ይመስለዋል?

ታዲዮስ፦ [ለረጅም ጊዜ አሰበ።] እሱን እርስዎ ቢፈርዱ ይሻላል።

አስማማው፦ ይመስለዋል ማለት ነው! ልጁንስ ይወዳታል?

ታዲዮስ፦ በጣም። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ አውቶቡሱ ከመናኸሪያ እስኪወጣ ከጎኑ እየሮጡ ነው የሸኟት።

አስማማው፦ [ድምፃቸው ለሰለሰ።] ይሄስ ይገባኛል። እኔም ልጄን ትሕትናን ለአካውንቲንግ ትምህርቷ የሸኘሁ ለት... እሱን ተወው። ወደ ጉዳያችን። ሙዚቃህን እንደብቃታለን። እኔ "ሒሳብ ይማራል" ብዬ አፌን እዘጋለሁ፤ አንተ ሳጥኑን አልጋ ሥር ትከተዋለህ።

ታዲዮስ፦ አይሆንም፣ ጋሼ።

አስማማው፦ ለምን አይሆንም?

ታዲዮስ፦ ልጅቷ ምላለች። "ሙዚቃህን ከአባቴ ደብቀህ ከሆነ የምታገባኝ ከነሒሳብህ ቅር" ብላኛለች። አባቷ ሙዚቃውን አውቀው "ይሁን" ካላሉ የለችም። እኔ ደግሞ እሷን ትቼ መኖር አልችልም። ሙዚቃውንም ትቼ መኖር አልችልም።

አስማማው፦ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት እየያዝህ እኮ ነው የተቸገርህ!

ታዲዮስ፦ እንግዲያው ሌላ ሽማግሌ ልፈልግ። ለሙዚቃ መከራከር ለእርስዎም ይከብድዎት ይሆናል።

አስማማው፦ [ብድግ አሉ።] ለማን? ለእኔ? እኔ ከፈለግሁ ለጅብ ተከራክሬ በጉን አስፈርድለታለሁ!

ታዲዮስ፦ ልጅቷም እንዲያው ነው ያለችኝ። "አባቴን በክርክር የሚረታው አንድ ሰው ብቻ ነው" አለችኝ።

አስማማው፦ ማን?

ታዲዮስ፦ እርስዎ።

አስማማው፦ የተባረከች! ሰው የምታውቅ! ሳላያት ወደድኋት። እስቲ አውጣና ገዝግዘው፤ የምሟገትለትን ነገር ልስማው።

[ታዲዮስ ቫዮሊኑን አውጥቶ አገጩ ሥር አስገባና ቀስቱን አሳረፈበት። ጋሽ አስማማው ለመሳቅ ተዘጋጅተው ነበር፤ ሳቁ አልመጣላቸውም። እሳቸው ልጅ ሳሉ እናታቸው የሚያንጎራጉሩትን የመሰለ ዜማ ነበር፣ ወይም ለእሳቸው እንደዚያ መሰላቸው። ከቤት ውስጥ አንዲት ሴት ዜማውን ተከትላ አብራ ማንጎራጎር ጀመረች። ሲያበቃ ጋሽ አስማማው ፊታቸውን አዞሩ።]

አስማማው፦ ይሄ ጌሾ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የሚያንጎራጉረውን ሰማህ? ትሕትና ናት። ጆሮዋ ለጉድ ነው፤ ላንድ አፍታ የሰማችውን ዜማ ትይዘዋለች።

ታዲዮስ፦ [አንገቱን ደፋ።] አዎ። ትይዘዋለች።

አስማማው፦ በል አሁን እንለማመድ። አንተ አባቷ ነህ፤ ዱካዬ ላይ ተቀመጥ። እኔ ሽማግሌው ነኝ።

[ታዲዮስ ዱካው ላይ ተቀምጦ ጌሾውን መቀንጠስ ጀመረ። ጋሽ አስማማው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው እስከ በሩ ሄዱና ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተመለሱ።]

አስማማው፦ እንደምን ዋላችሁ፣ ቤቶች!

ታዲዮስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ።

አስማማው፦ አንቀመጥም። ለጉዳይ ነው የመጣን፤ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ጠንተናል።

ታዲዮስ፦ ልጁ ምን ይሠራል?

አስማማው፦ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሒሳብ ይማራል፤ ሙዚቃም!

ታዲዮስ፦ [ድምፁን አጎርንኖ] ሙዚቃ የአዝማሪ ሥራ ነው! ሠርግ ቤት አቁመው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፉበታል!

አስማማው፦ ጎበዝ! ልክ እንዲህ ነው የሚለው፣ ያ ኋላ ቀር! ከየት አመጣኸው?

ታዲዮስ፦ ቅድም ሰው ሲናገረው ሰምቼ ነው።

አስማማው፦ መልሱን ስማ እንግዲህ። ጌታዬ! ዲማ ገዳም ወርደው ያውቃሉ? እዚያ ያሉት መምህር ዜማ ያዜማሉ። ያው እሳቸው ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው ጾሙ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚፈታ ይነግሩዎታል። ይሄ ሒሳብ አይደለም? መምህሩ ዜማውንም ቁጥሩንም ባንድ ራስ ሲይዙ "ሊቅ" ብለው ጉልበት ይስማሉ፤ ልጃችን ሁለቱን ሲይዝ "አዝማሪ" ይሉታል? ቢሆንስ? እርስዎ ሲዳሩ ማን ነበር የዘፈነልዎት? በጭብጨባ ብቻ ነው የተዳሩት?

ታዲዮስ፦ ሁለት ትምህርት ባንዴ ጀምሮ አንዱን እንኳ የጨረሰ ሰው አይቼ አላውቅም።

አስማማው፦ በሁለት በሬ ሲታረስ አይተው አልገረመዎት፣ በሁለት ትምህርት ሲማሩ ያስደነግጥዎታል? ይልቅ አንዱ ቢደክም አንዱ ይጎትተዋል ብለው ደስ ይበልዎት እንጂ!

ታዲዮስ፦ እንግዲያው ላስብበት። ቀጠሮ ልስጣችሁ። ለኪዳነ ምሕረት ተመለሱ።

አስማማው፦ ቀጠሮ የለም! [ከዘራቸውን እርጥቡ መሬት ላይ ሰኩት።] የሚሉት ነገር ሲያልቅብዎት ነው ቀጠሮ የሚሰጡ። ምክንያት ካለዎት አሁን ይናገሩ፤ ከሌለዎት ልጅዎን ይስጡ። እስከዚያ እዚሁ ቆሜ እመሻለሁ!

ታዲዮስ፦ እርስዎስ ቢሆኑ ልጅዎን ለሙዚቀኛ ይሰጣሉ?

አስማማው፦ እሰጣለሁ!

ታዲዮስ፦ [ከዱካው ብድግ ብሎ] የእውነትዎን ነው፣ ጋሼ?

አስማማው፦ ማርቆስን! ዛሬውኑ! ጌሾዬን ሳልጨርስ! አንተ ደግሞ ተቀመጥ፤ አባት አይነሣም።

ታዲዮስ፦ [ተቀመጠ።] እሺ። ተረታሁ። ሰጥቻለሁ።

አስማማው፦ አየኸው? አየኸው ሲረታ? አሳዘነኝ ስልህ! በል ነገ በማለዳ መኪና ይዘን ደብረ ኤልያስ እንወርዳለን።

ታዲዮስ፦ መኪና አያስፈልግም። አሁን የሚኖሩት እዚሁ ማርቆስ ነው።

አስማማው፦ እሰየው! በባጃጅ ነዋ።

ታዲዮስ፦ ባጃጅም አያስፈልግም።

አስማማው፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ከአጥሩ ወዲያ ያለው ዓለምነው ነው? እሱማ ድሮም ደረቅ ነው!

ታዲዮስ፦ ጋሽ ዓለምነው ሴት ልጅ የላቸውም።

አስማማው፦ ታዲያ ከአጥሩ ወዲህ ማን አለ?

[ታዲዮስ ወደ ቤቱ በር ተመለከተ። ከቤት ውስጥ ያ ማንጎራጎር ተሰማ፤ ያው የቅድሙ ዜማ ነው፤ አሁን ግን ታዲዮስ ገና ወዳልተጫወተው ክፍል አልፎ ሄዷል። ጋሽ አስማማው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ባንድ አፍታ ይህን ሁሉ መያዝ አይቻልም።]

አስማማው፦ ትሕትና?

ታዲዮስ፦ ትሕትና።

አስማማው፦ የኔ?

ታዲዮስ፦ የእርስዎ።

አስማማው፦ አንተ! ቅብጥብጦቹን ሳንበረክክ አንተን ማለፌ! ስሙን ለምን አልነገርኸኝም?

ታዲዮስ፦ ደጋግሜ ጀምሬ ነበር። "አትንገረኝ፣ አፌ ይታሰራል" አሉኝ።

አስማማው፦ ደግሞስ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ይመጣል? ነውር አይደለም? ሽማግሌ ይላካል እንጂ!

ታዲዮስ፦ ልኬያለሁ እኮ። ይኸው ቆመዋል።

[ጋሽ አስማማው ራሳቸውን ተመለከቱ። ጋቢው ተጣፍቷል፤ ከዘራው መሬት ተሰክቷል። ለመቀመጥ አሰቡ፤ ግን ቃል ሳይሰሙ አይቀመጡም። ቃሉን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ቆሟል።]

አስማማው፦ እንግዲህ... ይሄ ከባድ ነገር ነው፤ ማሰብ ይፈልጋል። ለኪዳነ ምሕረት...

[ታዲዮስ ከዘራውን ብቻ አየት አደረገ። ጋሽ አስማማውም አዩትና የጀመሩትን ዋጡት። በዕድሜያቸው ያላለቀ ንግግር ሲውጡ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።]

የብርጓል፦ [የጋሽ አስማማው ባለቤት፣ ከውስጥ] አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነው የምትጮኸው? እንግዳ ከሆነ አስቀምጠው እንጂ!

አስማማው፦ አይቀመጥም። ሽማግሌ ነው።

የብርጓል፦ የምን ሽማግሌ?

አስማማው፦ ትሕትናን ሊጠይቅ የመጣ።

[ማንጎራጎሩ ቆመ።]

የብርጓል፦ ልጁ ምን ይሠራል?

[ጋሽ አስማማው አግዳሚው ላይ ያለውን ጥቁር ሳጥን አዩ። አንዱን ብቻ ተናግሮ አፍ መዝጋት እንደሚቻል ቅድም ራሳቸው መክረዋል።]

አስማማው፦ ሒሳብ ይማራል። [ቆይተው] ሙዚቃም።

የብርጓል፦ ታዲያ አባቷ ምን አለ?

አስማማው፦ ቀጠሮ ሊሰጥ ነበር፤ ሽማግሌው ከለከለው።

[ታዲዮስ ተነሥቶ ዱካውን ለቀቀላቸው። ጋሽ አስማማው ከዘራቸውን ከመሬቱ ነቀሉና ተቀመጡ።]