ታደለች የሳለችው ባዶ መንገድ

የቡድን ፎቶ ሲሰጠን መጀመሪያ የምንፈልገው ማንን ነው? የራሳችንን ፊት። እሱ አምሮ ከወጣ፣ የሌላው ሁሉ ዓይን ቢጨፈን ፎቶው ጥሩ ነው። እኔማ ከዚህም እብሳለሁ፤ ሰው የሌለበት የመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ እንኳ ራሴን አላጣም።

ባለቤቴ ታደለች የሥዕል መምህርት ናት። እኔ ቦኖሻ ተመድቤ ሳስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ በሚኒባስ ሆሳዕና ቤታችን ብቅ በምልበት ጊዜ፣ ሞርሲቶ ያለውን የእናቷን ግቢ ሳለችው። ጭጋግ፣ የሣር ቤት፣ ጥቅጥቅ ያለ እንሰት፣ ወደ በሩ የሚወስድ ባዶ መንገድ። እኔ አለሁበት ወይስ የለሁበትም? ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል፤ እሷን መጠየቅ ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም። ሥዕሉ ሆሳዕና ለውድድር ሲቀርብ ሱፌን ግጥም አድርጌ ለብሼ አጠገቡ ተገተርኩ። ራሴ ብስለው እንኳ እንደዚያ አልኮራም።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ዳኛ ገና ከመድረሷ ሙዙ እንዴት ያምራል አለች። ሙዝ! እንሰት መሆኑን፣ ይህን አገር ቀጥ አድርጎ ያቆመው እሱ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋት። እዚህ ላይ ባቆምስ ምን ነበረበት? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለኔ ቢጤ ነው። ጭጋጉ ናፍቆት ነው አልኳት። ወደ መንገዱ ያዘነበለው ቅጠል አንገቷን አስግጋ የምትጠብቅ ሚስት ናት። ባዶው መንገድ ደግሞ፣ አልኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ቦኖሻ የቀረው ባል ነው። ዳኛዋ እንባ ያቀረረች መሰለኝ። እኔስ በእርግጥ አቅርሬያለሁ፤ ለካ ተናፍቄ ነበር!

ዳኛዋ አጠገቤ ወደቆመችው ታደለች ዞር ብላ የሥዕሉ ስሜት ይኸው እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አይ፣ ናፍቆት እንኳ የለበትም» አለች ታደለች ረጋ ብላ። «ከእንሰቱ ጀርባ እናቴና ጎረቤቶቿ እንሰት እየፋቁ ነው። እኛ ቤት እንሰት ሲፋቅ ወንድ ዝር አይልም። መንገዱ ባዶ የሆነው ለዚያ ነው። እንደዚያ ቀን የምንስቅበት ቀን የለም።»

«ባለቤትሽስ?»

«እሱማ ቦኖሻ ነበር። እንዲያውም ተረጋግቼ የሳልኩት ለዚያ ነው።»

በዙሪያችን ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ሆዴን ግን ቅር ብሎታል። አንደኛ መውጣቷ ሲነገር ግን ቅሬታዬን ረስቼ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝንም ሁሉ እጁን እየጨበጥኩ በኩራት ተቀበልኩ። ለምን አልቀበል? ሌላው ባል ሚስቱን ረዳ ቢባል፣ ቢበዛ ቀለም ቢያቀብል ነው፤ እኔ ለዚህ ሥዕል ቤቱን ለቅቄላታለሁ።