ስዕሎቹ እኛን ሊያዩ የመጡ ዕለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ አደርኩ። ለዛሬ እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ስለተባለ፣ ፊቴ እንዳያብጥ ብዬ በጊዜ ነበር የተኛሁት።

ቦታው ወንድሜ ናሁሰናይ ከሐኪሞቹ ጋር ስዕል ለመሳል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄድበት ጋለሪ ነው። አእምሮው ከታወከ ወዲህ ናሁ ቀና ብሎ ሰው የሚያየው እዚያ ቀለም ሲይዝ ብቻ ነው። በሕልሜ ግን የታመሙት ስዕሎቹ ነበሩ። ክፈፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው በር ላይ ተሰልፈዋል። እኛ ሰዎች ደግሞ በየአንገትጌያችን ምስማር ላይ ተንጠልጥለናል። ሐኪሞቹ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተው ቤትና ዛፍ ይስላሉ፤ አላምር ሲላቸው ያለቅሳሉ። ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚያዛቸው ናሁሰናይ ነበር።

«ናሁ፣ አውርደኝ እንጂ» አልኩት።

«ዝም በይ፣ በሽተኞቹ እየገቡ ነው። አንቺን አይተው ካልተሻላቸው መጋዘን ያስገቡሻል።»

የመጋዘኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጨርቅ ተጥሎባቸው ተደርድረዋል። አንዱ ከጨርቁ ስር ያስላል። በጣም ፈራሁ። እግሬ መሬት ስለማይነካ መሮጥ እንኳ አልቻልኩም።

የጆሮዋ ቀለም ገና ያልደረቀ፣ በዘይት ቀለም የተሳለች አንዲት በቅሎ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ይቺን ሳይ ይባስ ጨነቀኝ» አለችው ናሁን።

«ምኗ ነው?»

«እንጃ። ጤነኛ ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ ትላለች።»

ወዲያው ጋለሪው የእኛ ሳሎን ሆነ። እኔ ግን እንደተሰቀልኩ ነኝ። ሦስት ሽማግሌዎች ከነወንበራቸው፣ እንደተቀመጡ ገቡ። የመጡት ልጅ ሊለምኑ አይደለም፤ ልጃቸውን ለናሁ ሊሰጡ ነው። ናሁ ተነሱ እያለ ቢለምናቸው፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንነሳም» አሉ።

መሃል ላይ ያሉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ጨዋ እብድ ናት። ሌሊት ትጮሃለች፣ ቀን ከራሷ ጋር ታወራለች፤ እንከን አይወጣላትም። እናንተ ዘንድ ግን ጤነኛ አለ ሲባል ሰማን። እውነት ነው?»

በቅሎዋ በጥርሷ ጨርቅ ይዛ፣ ልትጥልብኝ አጠገቤ ተጠግታለች። ናሁ የለም ካለ ልጅቷን ያገኛል፤ እኔ መጋዘን እገባለሁ። ልጅቷን ምን ያህል እንደሚፈልጋት ጋዋኑን ደጋግሞ ከማስተካከሉ አወቅሁ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አውቃለሁ፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ናሁ ቀና ብሎ አየኝ።

«አለች» አለ። «እህቴ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ጤነኛ ናት። ያቻትላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። በመጡበት በር ወጡ፤ ወንበሮቹም ተከተሏቸው። ናሁ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ መዶሻ ይዞ ምስማሬን ሊነቅል መጣ።

«እንዳትወድቂ፣ ትከሻዬን ያዢ» አለኝ።

እጄን ስዘረጋ እናቴ ነቀነቀችኝ።

«ተነሺ ትርሲት! ሽማግሌዎቹ መኪና እያቆሙ ነው። ናሁን ጓዳ ቆልፌበታለሁ። ጋለሪ ካልሄድኩ ብሎ ሲያስቸግረኝ ወረቀትና ከለር ሰጠሁት፤ ይኸው ዝም ብሏል።»

ጓዳውና የእኔ ክፍል የሚለያዩት በስስ ኮምፖርሳቶ ነው። ወረቀቱን ሲፍቀው ይሰማኛል።

«ስንት ልጅ አለዎት ቢሉኝስ ምን ልበል?» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

«አንድ» አልኳት።

ከኮምፖርሳቶው ወዲያ መፋቁ ቆመ።