በወይራ የታጠነ ትንፋሽ

ወላሂ! ይህችን በክር ተንጠልጥላ የቀረች ነፍሴን አስይዤ እምላለሁ፤ ከምነግራችሁ ውስጥ ሐሰት የሆነች አንዲት ቃል የለችም።

እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ዕቃ ታጠበ ብሎ ነገር አይገባንም። የወተት ቅል በአሸዋ ተፈግፍጎ፣ በሰባት ውሃ ተለቃልቆ፣ የወይራ ጢስ ካልጠጣ «ገና ነው» እንላለን። ለወተቱስ ደግ ነው። መዘዙ ለሳንባዬ ተረፈ እንጂ!

እኔ ስተኛ ትንፋሼ የሚቋረጥ ሰው ነኝ። ሳይቋረጥ በፊት ደግሞ ማንኮራፋቴ የሐይቅን ዓሣ ወደ ማዶ ያሰድዳል፤ ማዶ ያሉ አሥጋሪዎች «አባባ፣ እባክዎ ጋደም ይበሉልን» እያሉ እጅ መንሻ ያመጡልኛል። ሳቁ፣ ሳቁ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም፤ «ተኝተው እንዳይቀሩ» አለኝ። ጅዳ የምትሠራው ልጄ ከድጃ ይህን ስትሰማ፣ አፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭምብልና በረጅም ቱቦ አየር የሚገፋ ማሽን ላከችልኝ።

ለውጥ መጣ ብለን ያጨበጨብንበት እጅ ሳይቀዘቅዝ ጦርነት መጣ፤ መብራት ሄደ። ማሽኑ ሳጥኑ ውስጥ ሲተኛ እኔ መተኛት ፈራሁ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሰዓዳ፣ ትንፋሼ ጸጥ ባለ ቁጥር ጎኔን በክርኗ እየደቃች ወደ ዱንያ መለሰችኝ።

መብራቱ ሲመለስ ቱቦው አቧራና ሽታ ይዞ አገኘነው። ከድጃ በስልክ ድምፅ ላከች፦ «አባዬ፣ ጭምብሉንም ቱቦውንም ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ በረኪና እንዳይነካው። ጥላ ላይ ሰቅላችሁ አድርቁት። ማሽኑ ውስጥ ያለውን የውሃ ዕቃም በየቀኑ ድፉት። አደራ፣ ሽታ እንዳይኖረው!»

ሽታ! ጉድ ያፈላችው ይህች ቃል ናት። ሰዓዳ አጠበች፣ አደረቀች፤ ከዚያ «ሽታ እንዳይኖረው ተብሏል» ብላ ቱቦውን እንደ ቅል በወይራ አጠነችው።

ከዝሁር ሶላት በኋላ ጋደም ብዬ ጭምብሉን አሰርኩ። ያ ረቢ! የአምባሰል ደን በሙሉ አፍንጫዬ ውስጥ ነደደ። እየሳልኩ ዘልዬ ብነሣ፣ ቱቦው ፍም ነክቶት ጎኑ ተበስቷል። ጦፍኩ!

«አንቺ ሴትዮ፣ እርጎ ልታስቀምጪበት ነው?»

«የእናቴ ቅል ዕድሜ ልኩን ታጥኖ ማን ሞተ?»

«ቅሉ ውስጥ ማን ተኛ!»

«ሽታውስ አልጠፋም?»

«ሽታውማ ጠፋ! ቀጥሎ የሚጠፋው ሰው ነው!»

እናንተዬ፣ የነገሩንን ሰምተን የለመድነውን የምንሠራው እስከ መቼ ነው? አገሩም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ዕቃ ይመጣለታል፣ በድሮው ጢስ ያጥነዋል፤ ከዚያ «ምነው አፈነኝ?» ይላል። እንዴት አያፍነው!

ከድጃ ሌላ ቱቦ በመንገደኛ እልካለሁ ብላለች። እስከዚያ የሰዓዳ ክርን ወደ ሥራው ተመልሷል። አሁንማ ብሶበታል፤ ትንፋሼ ሳይቋረጥም ትደቃኛለች።

መብቷ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬባታለሁ፦ ወይራውን ያጨሰው እጅ የእኔ ነበር፤ የጦፈችው እሷ ነበረች።

የዓሣው ነገር ግን እውነት ነው።