ካርድ ካላዩ ሰው የማያውቁት ዘበኛ

ከሰው ይልቅ ደንብ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ አዳማ ስማር፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሽ በዳዳ እንዲያ ሆነውብን ነበር። ድሮ ሁላችንንም በስማችን ይጠሩን ነበር። "ያለ መታወቂያ ካርድ ማንም አይገባም" ከተባለ ወዲህ ግን ሰው ማወቅ አቆሙ። ዳይሬክተሩ ደንቡን ሊፈትኑ ብለው አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን መጡ።

"በዳዳ፣ እኔ ነኝ እኮ!"

"ማን ልበል?" አሏቸው።

ዳይሬክተሩ በጣም ደስ አላቸው። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ለጋሽ በዳዳ አስጨበጨቡላቸው፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ብዙም ሳይቆይ ታላቅ ወንድሜ ከድር ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ቤተሰቦቻችን ካሉበት ከደራ ሊሰናበተኝ መጣ። ምልምሎቹን የጫነው መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል።

"ጋሼ፣ እህቴን አንዴ ስሜያት ልሂድ" አላቸው።

"ካርድ!"

መምጣቱን ሰምቼ ከግቢው ወደ በሩ ሮጬ ነበርና፣ "እሺ እኔ ልውጣ?" አልኳቸው።

"ደወል ሳይደወል አይወጣም።"

ከድር በበሩ ብረት መሃል እጁን አሾልኮ ጉንጬን ዳበሰኝ። "በይ ነጋቲ" ብሎ በኦሮምኛ ተሰናበተኝ፤ "አታልቅሺ" ብሎኝም ወደ መኪናው ሮጠ። ጋሽ በዳዳ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

ከድር አልተመለሰም። ያን ቀን አቅፌው ቢሆን ናፍቆቱ ይቀልልኝ ነበር? እኔ እንጃ። ባቅፈው ግን እንዴት በወደድኩ።