እስኪጠገን ድረስ አንቱ

ክብር በብሎን ሲፈታና ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በደርግ ጊዜ፣ ሁሉም «ጓድ» በሚባባልበት ዘመን፣ አምቦ ከተማ መዝገብ ቤት ስሠራ አይቻለሁ። የቢሯችን ታይፕ ሲበላሽ ጠጋኙ ፈይሳ «ኦቦ ፈይሳ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይባላል። ሲጠገንስ? «አንተ፣ በሩን ዘግተህ ውጣ!»

አንድ ሰኞ ታይፑ «ጓ»ን አልመታ አለ። ያለ «ጓ» ጓድ የለ፣ ያለ ጓድ ደብዳቤ የለ! የአውራጃው ሥራ ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ «ኦቦ ፈይሳ፣ በሞቴ ይድረሱልኝ» ብለው የገዛ ወንበራቸውን ለቀቁለት። «ጓ» በተመታች በደቂቃው ግን፣ «ጨረስክ? እንግዲያው ወንበሬን ልቀቅ» አሉት። ፈይሳ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ «ጓ» በየሰኞው ይታመም ጀመር። አንድ ጠዋት ቀድሜ ስገባ፣ ታይፒስታችን አልማዝ ብሎኑን በፀጉር ማስያዣዋ ስታላላው ደረስኩባት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ አንቱ ሲባል ደስ ይለዋል» አለችኝ።

ፈይሳ ተጠርቶ መጣ። ሥራ አስኪያጁ «እንደምን አደሩ፣ ኦቦ ፈይሳ!» ብለው ብድግ አሉ። አልማዝ ደግሞ አቀርቅራ፣ በቀስታ፣ «አንተ፣ ምነው ቆየህ?» አለችው።

ፊቱ የበራው በየትኛው ይመስላችኋል?